የተተከለ ኩላሊት እና ያበጠ ፕሮስቴት፦ ክሪያቲኒን ሲጨምር መጀመሪያ ፊኛውን እንይ (ደሴና ኮምቦልቻ)

ቦርከና_ጤና (ክሩን የከፈተ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። በኮምቦልቻና በዙሪያዋ ባሉ ጤና ጣቢያዎችና ክሊኒኮች የምንሠራ ሰዎች የሚገጥመንን አንድ ጉዳይ እንድንነጋገርበት ነው። ኩላሊት ተተክሎላቸው ወደ ቤታቸው የተመለሱ ወንዶች ዕድሜያቸው 50ን ሲያልፍ እንደማንኛውም ወንድ ፕሮስቴታቸው ያድጋል። ሽንቴ ቀጠነ፣ ሌሊት ደጋግሞ ያስነሳኛል፣ ተጣርቶ አይወጣልኝም ብለው ሲመጡ ክሪያቲኒናቸውም (የኩላሊት ሥራ የሚታይበት የደም ምርመራ) ከፍ ብሎ ይገኛል። ያን ጊዜ የሁሉም ድንጋጤ አንድ ነው፦ ሰውነቱ ኩላሊቱን እየገፋው ነው። በሽተኛው ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ፊኛው እንደሞላ ተጭኖ ወደ አዲስ አበባ ይላካል።

ጥያቄዎቼ እነዚህ ናቸው። ከመላካችን በፊት እዚሁ ምን ማድረግ አለብን? ለፕሮስቴት የሚሰጡት መድኃኒቶች ከታክሮሊመስ (ሰውነት ኩላሊቱን እንዳይገፋ የሚሰጠው ክኒን) ጋር ይስማማሉ? ቀዶ ሕክምናው ከንቅለ ተከላው በፊት ይሻላል ወይስ በኋላ? የምናነባቸው ትልልቅ ጥናቶችስ እነዚህን ሰዎች ይመለከታሉ?

ዩሮሎጂ_ጦሳ፦

ዶክተር፣ ጥያቄህ ወቅታዊ ነው። ከመጀመሪያው ልጀምር።

በኩላሊት እጥበት ላይ ያለ ሰው ሽንቱ ቀንሶ ወይም ጭራሽ ጠፍቶ ዓመታት ይቆያል። ፕሮስቴቱ ግን ማደጉን አያቆምም። የሚያልፍ ሽንት ስለሌለ ማነቆው አይታወቅም። አዲሱ ኩላሊት ሥራ ጀምሮ በቀን ሁለትና ሦስት ሊትር ሲያወጣ ነው ጉዱ የሚወጣው። ካቴተሩ (ሽንት የሚያወርደው ቱቦ) ሲነሳ ሽንት እምቢ ይላል፣ ወይም በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየቀረ ፊኛው ይወጠርና ግፊቱ ወደ ኩላሊቱ ይመለሳል።

አደገኛ የሚያደርገው ሌላ ነገር አለ። የተተከለው ኩላሊት ነርቮቹ ተቆርጠው ነው የሚመጣው። ሽንት ወደ ኋላ ገፍቶ ሲያሳብጠው የጎን ውጋት አይኖርም። በሽተኛው «ምንም አያመኝም» ቢል መዘጋት የለም ማለት አይደለም።

ስለዚህ ክሪያቲኒን የጨመረበትን ማንኛውንም የተተከለለት ወንድ መጀመሪያ ሽንት አሸኑት፤ ከዚያ በ10 ደቂቃ ውስጥ በአልትራሳውንድ የቀረውን ለኩ። ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት በሴንቲ ሜትር ይባዛና በ0.52 ይባዛል። ፊኛው 9 በ8 በ7 ከሆነ 504 ይመጣል፤ በ0.52 ሲባዛ 262 ሚሊ ሊትር ገደማ ሽንት ቀርቷል ማለት ነው። ይህ ከተሸና በኋላ የተለካ ከሆነ ብዙ ነው።

አሁን ልብ በሉልኝ፤ ይህ ስሕተት ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። አልትራሳውንድ የሚያነሳው ባለሙያ መሣሪያውን ጀርባ ላይ አድርጎ የድሮዎቹን ኩላሊቶች ብቻ ያይና «ሁለቱም ኩላሊቶች የተጨማደዱ፣ እብጠት የለም» ብሎ ይጽፋል። የሚሠራው ኩላሊት እዚያ የለም! ከፊት ለፊት፣ ከብሽሽት ከፍ ብሎ፣ አብዛኛውን ጊዜ በቀኝ በኩል ጠባሳው ሥር ነው ያለው። የምርመራ መጠየቂያው ላይ «የተተከለ ኩላሊት፣ የታችኛው ሆድ ቀኝ» ብላችሁ ጻፉ። ደግሞ ፊኛ ሙሉ ሆኖ የተነሳ ምስል ብቻውን አያሳምንም፤ ፊኛ ሲሞላ የተተከለው ኩላሊት የሽንት ማጠራቀሚያ በመጠኑ ሊሰፋ ይችላል። ፊኛው ባዶ ከሆነ በኋላም ከሰፋ ነው መዘጋት በይበልጥ የሚጠረጠረው።

የእጥበት_ነርስ፦

ዶክተር፣ ካቴተር የሚያስገባው ብዙ ጊዜ እኛ ነን፤ ስለዚህ እሱን ዘርዘር አድርጉልን። በተለይ አልገባ ሲል ምን እናድርግ?

ዩሮሎጂ_ጦሳ፦

እሺ እህቴ። ለትልቅ ሰው ቁጥር 16 ፎሊ (ጫፉ ላይ የሚነፋ ኳስ ያለው ካቴተር) ይበቃል። ማደንዘዣ ጄሉን ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሊትር በቀስታ አስገቡና ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፤ ጄሉ ሳይሠራ መግፋት ጡንቻው እንዲጨብጥ ያደርጋል። ካቴተሩን ውጭ ያለው ጫፉ ለሁለት እስከሚከፈልበት መንታ ድረስ አስገቡ። ሽንት ሳይወርድ ፊኛውን የሚይዘውን ኳስ በፍጹም አትንፉ፤ ፕሮስቴት ውስጥ የተነፋ ኳስ ቱቦውን ይቀደዋል፣ ደሙም በቀላሉ አይቆምም።

አንድ ሁለቴ ሞክራችሁ ካልገባ አቁሙ። እዚህ ላይ ከሌላው በሽተኛ የሚለይ ነገር አለ። በሌላ ሰው ቢሆን ከእምብርት በታች በመርፌ ቱቦ ማስገባት እንችል ነበር። የተተከለለት ሰው ላይ ግን አዲሱ ኩላሊት ጎኑ ነው፣ አዲሱ የሽንት ቱቦም የተሰፋው ፊኛው ላይ ነው። በአልትራሳውንድ ሳይታይ በግምት መውጋት የተተከለውን ቱቦ ወይም ኩላሊቱን ራሱን መውጋት ሊሆን ይችላል። በምስል እየታየ ብቻ፣ ፊኛው ሙሉ ሆኖ፣ መሐል ለመሐል ነው የሚገባው።

ሽንቱ ሲወርድ መጀመሪያ የወጣውን መጠን ጻፉ። እየከፈቱና እየዘጉ በጥቂት በጥቂቱ ማውረድ አያስፈልግም፤ በአንድ ጊዜ ማውረዱና በዝግታ ማውረዱ በደም መፍሰስም በግፊት መውረድም ልዩነት አላሳየም። ከዚያ በየሰዓቱ ይለካ። ሁለት ተከታታይ ሰዓት ከ200 ሚሊ ሊትር በላይ ከወጣ መዘጋቱ ሲለቀቅ የሚመጣው ከልክ ያለፈ ሽንት ነው። መጠጣት የሚችል ይጠጣ፤ ካልቻለ የወጣውን ግማሽ ያህል በሳላይን (በጨው ውኃ ጉሉኮስ) ተኩና ፖታሲየምና ሶዲየም አሠሩ። አዲስ ኩላሊት ድርቀት አይወድም። የኮምቦልቻ ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ በአንድ ሌሊት የዳነው ኩላሊት በድርቀት ሊጎዳ ይችላል።

ክሪያቲኒኑን ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ድገሙ። ከወረደ መልሱን አገኛችሁ። ካልወረደ ግን ፕሮስቴት ብቻ አይደለም፤ የመድኃኒቱ መጠን መብዛት፣ የሰውነት መግፋት፣ ቢኬ ቫይረስ (የተተከለ ኩላሊትን የሚያጠቃ ቫይረስ)፣ የተተከለው ቱቦ መጥበብ ሁሉም በዝርዝሩ ላይ አሉ።

ላብ_ሐምራዊ፦

ከዶክተር ሐሳብ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ካቴተር ገባ ብላችሁ ለንቅለ ተከላ ማዕከሉ መደወልን እንዳታዘገዩ። ሁለቱ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። የታክሮሊመስ ናሙናም በዚያው ቀን ይወሰድ።

የናሙናው ሰዓት ካልተጠበቀ ቁጥሩ ዋጋ የለውም። የሚፈለገው ከሚቀጥለው ክኒን በፊት ያለው ዝቅተኛ መጠን ነው። ማታ 2 ሰዓት የዋጠ ሰው ጠዋት 2 ሰዓት ላይ፣ የጠዋቱን ሳይውጥ ደም ይሰጣል። ክኒኑን በኪሱ ይዞ ይምጣና ደም እንደሰጠ እዚያው ይዋጥ። ብዙዎቹ ቁርሳቸውን በልተው፣ መድኃኒታቸውን ውጠው ይመጣሉ። ከዋጠ በ2 ሰዓት ውስጥ የተወሰደ ደም በጣም ከፍ ያለ ቁጥር ይሰጥና መጠኑን የሚያይ ሐኪም ሳያስፈልግ ይቀንሳል። ከዚያ በኋላ ነው እውነተኛው የሰውነት መግፋት የሚመጣው፤ ምክንያቱ አንድ የተሳሳተ ሰዓት ነው። ናሙናው ሙሉ ደም ነው፣ ሐምራዊ ክዳን ባለው ብልቃጥ፤ ሴረም ተለይቶ ቢላክ አይሠራም። ወደ አዲስ አበባ የሚላክ ከሆነ መጨረሻ የተዋጠበትና ደሙ የተወሰደበት ሰዓት ሁለቱም ብልቃጡ ላይ ይጻፉ።

ተቅማጥ የያዘው ከሆነም ንገሩን። በተቅማጥ ጊዜ ታክሮሊመስ በደም ውስጥ ከፍ ይላል፤ ሰው ግን ወጥቶ የሚያልቅ ይመስለዋል።

ፋርማሲ_ፒያሳ፦

ወደ መድኃኒቱ ልግባ፤ ብዙ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እዚህ ነው።

ታምሱሎሲን 0.4 ሚሊ ግራም በቀን አንዴ የመጀመሪያው ምርጫ ነው። የታክሮሊመስን መጠን አይለውጥም፣ ኩላሊት ቢዳከምም ብዙ ማስተካከያ አይፈልግም። ጉዳዩ ምግብ ነው። በየቀኑ ከአንድ ዓይነት ማዕድ (ለምሳሌ ሁልጊዜ ከእራት) በኋላ ግማሽ ሰዓት ገደማ ቆይቶ ነው የሚዋጠው። በባዶ ሆድ ሲዋጥ በደም ውስጥ የሚደርስበት ከፍተኛ መጠን ከ40 እስከ 70 በመቶ ይጨምራል፤ ሰውየው ከመኝታው ሲነሳ ይወድቃል። ወሎ ውስጥ በረመዳንም በዐቢይ ጾምም ጊዜ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጾም ሲገባ ሰዓቱ ከማፍጠሪያው ወይም ከእራት በኋላ ይዛወር። ካፕሱሉ አይከፈት፣ አይታኘክ። (መጾም ይቻላል ወይስ አይቻልም የሚለው ራሱ፣ በተለይ በመጀመሪያው ዓመት፣ ከንቅለ ተከላ ሐኪሙ ጋር የሚወሰን ነው። ታክሮሊመስ በየ12 ሰዓቱ ነው፣ ውኃም ያስፈልጋል።)

ዶክሳዞሲንና ቴራዞሲን ርካሽ ናቸው ግን ግፊት ይጥላሉ። ከ1 ሚሊ ግራም፣ ማታ መኝታ ላይ ነው የሚጀመረው። አምሎዲፒን (የደም ግፊት መድኃኒት) ቀድሞ የሚወስድ ሰው ላይ በአንድ ጊዜ ከፍ ያለ መጠን መስጠት ሌሊት ለሽንት ሲነሳ ራሱን ስቶ እንዲወድቅ ማድረግ ነው።

አልፉዞሲን (ከታምሱሎሲን ጋር አንድ ቤተሰብ) ከፈንገስ መድኃኒቶቹ ከኬቶኮናዞል ወይም ከኢትራኮናዞል ጋር ክልክል ነው፤ ታምሱሎሲንም ከኬቶኮናዞል ጋር አይሰጥም። ይህን የምለው አንዳንድ የንቅለ ተከላ በሽተኞች የታክሮሊመስ ወጪ እንዲቀንስ ሆን ተብሎ ታክሮሊመስን ከፍ የሚያደርጉት ኬቶኮናዞል ወይም ዲልቲያዜም ስለሚታዘዝላቸው ነው። ለፈንገስ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው አስቁሞ ታክሮሊመሱ እንዲወርድ ያደርጋል። የበሽተኛውን የመድኃኒት ዝርዝር ሳያዩ ምንም አይጨመር፣ ምንም አይቀነስ።

ፊናስተራይድ 5 ሚሊ ግራም በቀን፦ ፕሮስቴቱ ትልቅ ሲሆን ብቻ ይጠቅማል፣ ውጤቱ እስከ 6 ወር ይፈጃል፣ ከታክሮሊመስ ጋር አይጣላም። እርጉዝ ሴት የተሰበረውን ክኒን አትንካ።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ ለፕሮስቴት የማይሰጠው ነው። «ሽንት ሲወጣ ያቃጥላል» ተብሎ ከሱቅ የሚገዛው ክላሪትሮማይሲን ወይም ኤሪትሮማይሲን የታክሮሊመስን መጠን ሰቅሎ ኩላሊቱን ይመርዛል። ጄንታማይሲን በላዩ ሲጨመር የኩላሊት ጉዳቱ ይደራረባል። ዳይክሎፌናክ ለወገብ ሕመም ተብሎ በመርፌ የሚወጋው በአንድ ሳምንት ክሪያቲኒን ያንረዋል። ለጉንፋን የሚሸጡት የአፍንጫ መክፈቻ ያለባቸው ክኒኖች፣ እንዲሁም ለእንቅልፍ ተብሎ የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊን፣ ሽንት ይዘጋሉ። ሌሊቱን ሽንት ዘግቶት የመጣን ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው «ለጉንፋን ምን ወሰዱ?» ተብሎ ነው።

ልጅ_ከሐይቅ፦

የባለሙያዎች ክር መሆኑን አይቻለሁ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። አባታችን ኩላሊት ተተክሎላቸዋል። አሁን ሽንታቸው ቆም እያለ ነው የሚወርደው። ሁለት ነገር ልጠይቅ፦ ጫት ሲቅሙ ይብሳል ይላሉ፣ እውነት ነው? ደግሞ በስልክ የሚያስተዋውቁት ሳው ፓልሜቶ የሚባል ከዕፅዋት የተሠራ እንክብል አለ፣ ጉዳት የለውም ይላሉ።

ዩሮሎጂ_ጦሳ፦

አብሽር ወንድሜ፣ መጠየቅህ ጥሩ ነው።

ጫት አዎ፣ ይብሳል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የፊኛውን አንገትና የፕሮስቴቱን ጡንቻ የሚያጨብጠውን ነርቭ ያነቃቃል። እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመ የመናዊ ጥናት በጤነኛ ወንዶች ላይ ጫት መቃም የሽንትን ፍጥነት እንደሚቀንስ፣ ከታምሱሎሲን ጋር አንድ ቤተሰብ የሆነ መድኃኒት ደግሞ ያንን ለውጥ እንደሚያስቀር አሳይቷል። ማለትም አባትህ ጠዋት ታምሱሎሲን ውጠው ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ ቢቀመጡ መድኃኒቱንና ጫቱን እርስ በርስ እያታገሉ ነው። በዚያ ላይ ለሰዓታት ሽንት ይዞ መቀመጥ አለ። ለእሳቸው በአክብሮት እንዲህ ብለህ አስረዳቸው፤ ቁጣ አይሠራም።

ካቴተር ገብቶላቸው ሊወጣ በተቃረበበት ሳምንት ግን ጫት ጭራሽ አይቃም።

ፋርማሲ_ፒያሳ፦

ሳው ፓልሜቶን በተመለከተ፦ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው ጥናት 225 ወንዶችን ለአንድ ዓመት ተከታትሎ ከባዶ እንክብል የተለየ ጥቅም አላገኘበትም። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ መጠኑን እስከ ሦስት እጥፍ ያሳደጉበት ጥናት ወጣ፤ ያም ጥቅም የለውም አለ። ስለዚህ ገንዘቡ ለታክሮሊመሱ ይዋል። ጉዳት የለውም የሚለው ደግሞ ማንም ሊያረጋግጥልህ የማይችለው ነው፤ እንክብሉ ውስጥ ሌላ ምን እንደተቀላቀለ አይታወቅምና። ለተተከለለት ሰው ማንኛውም የዕፅዋት እንክብል፣ ዘይት ወይም ዱቄት ከመጀመሩ በፊት ለሐኪሙ ይነገር። ግሬፕ ፍሩትም አይበላ፤ ታክሮሊመስን ይሰቅላል።

የእጥበት_ነርስ፦

ወደ ቀዶ ሕክምናው ጥያቄ እንመለስ። በእጥበት ላይ ሆነው ለጋሽ ዘመድ አግኝተው የሚጠብቁ፣ ፕሮስቴታቸው ያበጠ ሰዎች አሉ። ቀድሞ ፕሮስቴታቸው በሽንት ቱቦ በኩል ተጠርጎላቸው ቢሄዱ አይሻልም? ከተተከለ በኋላ ደግሞ በሽታ መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት እየወሰዱ ቁስሉ አይድን ይሆናል ብዬ ነው።

ዩሮሎጂ_ጦሳ፦

ሐሳብሽ ትክክል ይመስላል፣ ብዙ ሐኪምም እንዲህ ያስባል። ነገር ግን ወሳኙ በሽተኛው በቀን ምን ያህል ሽንት አለው የሚለው ነው።

ሽንት ካለው ቀድሞ መሥራት ጥሩ ነው። ሽንት የሌለው ሰው ላይ ግን ቲዩአርፒ (ይኸው በቱቦ የሚሠራው ጠረጋ) ሲሠራ የተጠረገው ቦታ ደረቅ ሆኖ ይቀራል። የሚያጥበውና ከፍቶ የሚያቆየው ሽንት የለም፣ የተላጠው ግድግዳ እርስ በርሱ ይጣበቃል። የፊኛ አንገት መጥበብ ወይም የቱቦ መጥበብ ይመጣል። ከዚያ ኩላሊቱ በሚተከልበት ቀን ካቴተር እንኳን ማስገባት ያስቸግራል። ስለዚህ ሽንት ለሌለው ሰው ከተተከለ በኋላ ይሻላል፤ እስከዚያው ታምሱሎሲን፣ ካስፈለገም ካቴተር ወይም ራስን በካቴተር ማሸናት።

ከተተከለ በኋላ ደግሞ ሁሉም ቀዶ ሕክምና አያስፈልገውም። ዓመታት ባዶ የቆየ ፊኛ ይጨማደዳል። መጀመሪያ ላይ ጥቂት ሲሞላ ያስቸኩላል፣ ሌሊት ያስነሳል፣ ልክ ፕሮስቴት ይመስላል። በሳምንታትና በወራት ውስጥ ራሱን ያሰፋል። ስኳር ያለበት ሰው ላይ ደግሞ ችግሩ የፊኛው ጡንቻ መዛል ሊሆን ይችላል፤ እሱን ብትጠርጊውም አያሸናም። ሽንት ሲወጣ የፊኛውን ግፊት መለካት የሚቻልበት ቦታ ከተገኘ ጠርጎ ከማየት በፊት ያ ይሠራ።

ሲሠራ ደግሞ፦ በፕሮስቴት መጠን 80 ሚሊ ሊትር ገደማ ድረስ በቱቦ ይጠረጋል። ከዚያ በላይ ከሆነ ሆድ ተከፍቶ የሚሠራው ቀዶ ለተተከለለት ሰው አስቸጋሪ ነው፤ አዲሱ ቱቦ የተሰፋበት ፊኛ ነው የሚከፈተው። ሌዘር ያለበት ማዕከል ይፈለግለት። በሳላይን እየታጠበ የሚሠራው ባይፖላር መሣሪያ በግላይሲን ፈሳሽ ከሚሠራው ይመረጣል፤ ግላይሲን ደም ውስጥ ሲገባ ሶዲየም ይወርዳል፣ ኩላሊቱ ገና ያልጠነከረ ሰው ይህን መቋቋም አይችልም። ባይፖላር ከሌለ ከ60 ደቂቃ እንዳያልፍ። ከቀዶው በፊት የሽንት ካልቸር ተሠርቶ ባክቴሪያ ካለ ይታከም። ታክሮሊመስና ፕሬድኒሶሎን (ስቴሮይዱ) በቀዶው ቀን አይቆሙም። ለረጅም ጊዜ ፕሬድኒሶሎን 5 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ የወሰደ ሰው የስቴሮይድ ተጨማሪ እንደሚያስፈልገው ከማደንዘዣ ሐኪሙ ጋር ይወሰን። ሲሮሊመስ (ሌላው የሰውነት መግፋትን የሚከላከል መድኃኒት) ላይ ያለ ሰው ካለ ቁስል ቶሎ እንዳይድን ያደርጋልና አስቀድሞ ከማዕከሉ ጋር ይመከርበት። ለእጥበት የተሠራው የክንድ ፊስቱላ ያለበት እጅ ላይ ደግሞ ግፊት አይለካ፣ መርፌ አይወጋ።

ቦርከና_ጤና፦

ስለ ሽንት ኢንፌክሽንስ? ካልቸር ላይ ባክቴሪያ በታየ ቁጥር አንቲባዮቲክ እየሰጠን ነው።

ፋርማሲ_ፒያሳ፦

ከተተከለ አንድ ሁለት ወር ካለፈና ምንም ምልክት ከሌለው ማከም አይመከርም፤ ጥቅም ሳይኖረው መድኃኒት የለመደ ባክቴሪያ ይተክላል። ቀዶ ሲኖር ነው የሚለየው። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና ያበጠ፣ ሲነካ የሚያምም ፕሮስቴት ካለ ግን የፕሮስቴት ኢንፌክሽን ነው፤ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይታከማል፣ ሥር የሰደደው ከ4 እስከ 6። በዚያ ሰዓት ፕሮስቴቱን በጣት ማሸት ክልክል ነው፣ ባክቴሪያውን ደም ውስጥ ይለቀዋል። ናይትሮፉራንቶይን ፕሮስቴት ውስጥ አይደርስም። ሲፕሮፍሎክሳሲን ይደርሳል፤ ከወተት፣ ከብረትና ከጨጓራ ማስታገሻ ጋር ግን አይዋጥም፣ ፕሬድኒሶሎን ከሚወስድ ሰው ላይ ደግሞ የተረከዝ ጅማት ሊበጥስ ይችላል። ኮትሪሞክሳዞልም ይደርሳል፣ ግን ከታክሮሊመስ ጋር ፖታሲየምን ይሰቅላል፤ ክሪያቲኒንንም ኩላሊቱ ሳይጎዳ ከፍ ያደርጋል። በሳምንት ውስጥ ፖታሲየም ይታይ።

ነጭ የደም ሴል ሽንት ውስጥ እየታየ ካልቸሩ ንጹሕ ከሆነ ሳንባ ነቀርሳን አስቡ። እሱ ከተገኘ ሪፋምፒሲን ታክሮሊመስን በኃይል ያወርደዋል፤ ማዕከሉ ሳያውቅ መጀመር ኩላሊቱን ማጣት ነው።

ስታቲስቲክስ_ወሎ፦

አራተኛው ጥያቄ የእኔ ነው። ትልልቆቹ ጥናቶች በጣም ጥሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ኤምቶፕስ የተባለው ጥናት 3047 ወንዶችን በአማካይ ለ4.5 ዓመት ተከታትሎ ዶክሳዞሲንና ፊናስተራይድ አብረው ሲሰጡ የበሽታውን መባባስ በ66 በመቶ እንደሚቀንሱ አሳየ፤ ዶክሳዞሲን ለብቻው 39፣ ፊናስተራይድ ለብቻው 34 በመቶ። ኮምባት የተባለው ደግሞ 4844 ወንዶችን ይዞ ለ4 ዓመት ታምሱሎሲንና ዱታስተራይድን (ከፊናስተራይድ ጋር አንድ ቤተሰብ) አየ። ነገር ግን ሁለቱም የተተከለ ኩላሊት ያላቸውን ለይተው ያጠኑ አይደሉም። እኛ የምንፈራውን፣ ማለትም የተተከለው ኩላሊት ዕድሜ፣ አልለኩም። መድኃኒቱ ሽንት እንደሚያስለቅቅ ማመን ይቻላል፤ ኩላሊቱን ያድናል ማለት ግን ሌላ ጥያቄ ነው። በዚህ ላይ ያለው ማስረጃ በብዛት ከአንድ ማዕከል የሚወጣ፣ ወደ ኋላ ተመልሶ ካርድ የሚያገላብጥ ጥናት ነው።

ወሎ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይህን ርዕስ ለመመረቂያ የሚያስቡ ተማሪዎች ካሉ ሦስት ነገር ልምከር። አንደኛ፣ ሁለት መድኃኒት ለማወዳደር አትነሱ፤ እዚህ የሚገኘው የሰው ቁጥር ለዚያ አይበቃም። በ30 ሰው ላይ አንድም የሽንት መታገድ አልታየም ብላችሁ ብትጽፉ እንኳ እውነተኛው መጠን እስከ 10 በመቶ ሊሆን ይችላል፤ 3ን ለሰው ቁጥር ማካፈል ነው። ሁለተኛ፣ ከላይ እንደተባለው ፊኛው በመጀመሪያዎቹ ወራት ራሱን ያሻሽላል። መድኃኒት ጀምራችሁ ከ3 ወር በኋላ የምልክት ነጥብ ቢወርድ ውጤቱ የመድኃኒቱ ነው ማለት አይቻልም። በባዶ እንክብልም ነጥብ ይወርዳል። ሦስተኛ፣ እና ለእኔ ዋናው፣ ምስጢር ነው። በትንሽ ከተማ «የ58 ዓመት ወንድ፣ የተተከለለት፣ ከኮምቦልቻ» ብሎ መጻፍ ስም ከመጻፍ አይለይም። ዕድሜን በአሥር ዓመት ክልል፣ አካባቢን በዞን ጻፉ። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ሳይገኝ አንድ ካርድ አይገለጥ።

መሰብሰብ ያለበት፦ የአይፒኤስኤስ ነጥብ (የፕሮስቴት ምልክቶች መለኪያ፤ 7 ጥያቄ፣ ከ0 እስከ 35፤ እስከ 7 ቀላል፣ ከ8 እስከ 19 መካከለኛ፣ 20 እና ከዚያ በላይ ከባድ)፣ ከተሸና በኋላ የቀረ ሽንት፣ የፕሮስቴት መጠን፣ ክሪያቲኒን፣ የታክሮሊመስ ዝቅተኛ መጠን ከነሰዓቱ፣ ከንቅለ ተከላው በፊት የነበረ የቀን ሽንት መጠን። የመጨረሻውን ማንም አይጽፈውም፣ ሁሉንም ነገር የሚያብራራው ግን እሱ ነው። ማንበብ ለማይችሉ አባቶች በሥዕል የተዘጋጀው የምልክት መለኪያ አለ፤ ነርሷ ጥያቄውን በራሷ ቃል ስትተረጉም ነጥቡ ስለሚዛባ ሥዕሉ ይሻላል።

ላብ_ሐምራዊ፦

ፒኤስኤንም (የፕሮስቴት የደም ምርመራ) ጨምሩበት፣ ግን በሥርዓት። ካቴተር ከገባ፣ ኢንፌክሽን ከነበረ ወይም ሽንት ከታገደ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይጠበቅ። ፊናስተራይድ ከ6 ወር በላይ የወሰደ ሰው ቁጥሩ በግማሽ ይወርዳል፤ 2.4 ብሎ ከመጣ 4.8 ብላችሁ አስቡት። ጠቅላላ ፒኤስኤ በኩላሊት ድክመት ብዙም አይለወጥም። ነፃው ፒኤስኤ ግን በኩላሊት ስለሚወገድ ኩላሊት ሲዳከም ይከማቻል፤ የነፃው በመቶኛ እነዚህ ሰዎች ላይ አያስተማምንም፣ ገንዘብም አታስወጧቸው።

ዩሮሎጂ_ጦሳ፦

ካንሰር ቢገኝስ ለሚለው በአጭሩ። የተተከለላቸው ሰዎች የፕሮስቴት ካንሰር ከሌላው ወንድ የበዛ አይደለም። ዝቅተኛ አደጋ ያለው፣ ማለትም ግሊሰን (በናሙናው የሚታይ የካንሰሩ የክፋት ነጥብ) 6 እና ፒኤስኤ ከ10 በታች ከሆነ፣ በክትትል መቆየት ይቻላል፤ ንቅለ ተከላ የሚጠብቅም ለዚህ ብቻ ዓመታት እንዲዘገይ አይደረግም። ናሙና ሲወሰድ በፊንጢጣ ሳይሆን በቆዳ በኩል ቢሆን ኢንፌክሽኑ ይቀንሳል። ጨረር ከታሰበ የተተከለው ኩላሊት በምስል ተለይቶ ከጨረሩ ውጭ መሆን አለበት። ለተሰራጨው ካንሰር የሚሰጠው ኤንዛሉታማይድ ታክሮሊመስን በኃይል ያወርዳል፤ የሆርሞን ሕክምናው ደግሞ ከፕሬድኒሶሎን ጋር ሆኖ አጥንት ያሳሳል፣ ስኳር ያመጣል።

ቦርከና_ጤና፦

እግዜር ይስጥልን። አንድ የመጨረሻ ነገር ብቻ፦ ካቴተሩ ገብቶ ክሪያቲኒኑ ወረደ እንበል። መቼ ነው የምናወጣው?

ዩሮሎጂ_ጦሳ፦

ታምሱሎሲን ከተጀመረ ቢያንስ 2 ወይም 3 ቀን ይሁነው። የሆድ ድርቀት ካለ መጀመሪያ እሱ ይታከም፣ ሽንት ይዘጋልና። ኢንፌክሽን ካለ ትኩሳቱ ይውረድ። ከዚያ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ አውጡት፤ ማታ አይወጣም፣ ሌሊት ሲዘጋበት የሚያገኘው ሰው የለምና። እንደ ወትሮው ይጠጣ፤ አብዝቶ እንዲጠጣ ማስገደድ ፊኛውን በአንድ ጊዜ ይወጥረዋል። ሁለት ሦስት ጊዜ ከሸና በኋላ በአልትራሳውንድ የቀረውን ለኩ። እስከ ከሰዓት 9 ሰዓት ካልሸና ወይም የቀረው ከ300 በላይ ከሆነ ያንኑ ቀን ይመለስለት። ከሸናም በ3ኛው ቀንና በሳምንቱ ክሪያቲኒንና የቀረ ሽንት ይደገም። ሽንት ወርዶለታል ብሎ መሸኘት ብቻውን አይበቃም፤ የተተከለ ኩላሊት ሳያሳምም ሊያብጥ ይችላልና።